ሦስት ሲገጥም የሚድነው በሽተኛ

ሠላሳ ሦስት ዓመት ማይክሮስኮፕ ላይ ያጎነበሰ አንገት ጡረታ ሲወጣ ቀና የሚል መስሎኝ ነበር። የት ተገኝቶ። ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ወር ልጄ ትዕግሥት ከጎንደር መተማ ድረስ መጥታ ስልኬ ላይ ጨዋታ ጫነችልኝ፤ ይኸው አንገቴ እንደገና ተደፍቶ ቀረ።

ትዕግሥት ሥዕል ትሥላለች። ከሦስት ጓደኞቿ ጋር የስልክ ጨዋታ ይሠራሉ። "እማዬ፣ ይኼኛው የቆላ ጤና ጣቢያ ነው። ያንቺ ሥራ ነው። ተጫወችውና ስህተቱን ንገሪን" አለችኝ። እኔ ደግሞ ስህተት ንገሪ ካሉኝ የሚያቆመኝ የለም።

ጨዋታው እንዲህ ነው። አንድ ቦርጫም ሐኪም አለ፤ ከሥሩ አልጋ ላይ በሽተኛ ያቃስታል። በሰሌዳው ላይ ዓይንና ጥርስ ያላቸው ተሕዋስያን ተደርድረዋል፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። በጣት እየገፉ ሦስት አንድ ዓይነት ጎን ለጎን ሲያገጥሙ ጧ ብለው ይፈነዳሉ። በሽተኛው ብድግ ብሎ እስክስታ ይወርዳል፤ ሐኪሙ ቦርጩን ይዞ ይስቃል። ሰዓት ካለቀ ደግሞ በሽተኛው ምላሱን አውጥቶ ክልትው ይላል፤ "እንደገና ሞክር" የሚል ቁልፍ ይመጣል። ሳቅሁ፤ አልዋሽም። ሐኪሙ ድሮ የነበረንን አንድ ኃላፊ ቁርጥ ነው። ነጭ ጋዋኑ እንኳ እንደ እሱ ሁለት ቁልፍ ጎድሎታል።

"ዝንቡስ?" አልኳት።

"የምን ዝንብ?"

"ስላይድ ላይ የተቀባ ደም እስኪደርቅ ድረስ ዝንብ ይልሰዋል። ዘወር ብለሽ ስትመለሺ ባዶ መስታወት ነው የምታገኚው።" በሁለት ሳምንት ውስጥ ዝንብ አስገቡ፤ እየመጣ ተሕዋስያኑን ይበላል። ተጫዋች ሁሉ የሚረግመው ያ ዝንብ የእኔ ነው። ቀለሙንም ተናገርኩ፤ ተሕዋስያን እንዲህ ቀይና ቢጫ ለብሰው ቢመጡ ኖሮ እኔም ዓይኔን ባልጨረስኩ። እሱን ግን አልተቀበሉኝም።

ሠላሳ አንደኛው ደረጃ ላይ ስደርስ ትዕግሥት አጠገቤ ነበረች፤ በሽተኛው የሰሊጥ ሠራተኛ ነው። የጋቢ ክምር ለብሶ ይንቀጠቀጣል፤ የሚታየው አፍንጫው ብቻ ነው። ሦስቱ ሲገጥሙ ጋቢዎቹን አንድ በአንድ ወደ ጓደኞቹ ይወረውራል፤ እነሱ እየቀለቡ ለብሰው ይጨፍራሉ።

ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ደፋሁት። "ይኼን አውጪው።"

"እማዬ፣ ከሁሉ የሚያስቀው እኮ እሱ ነው። ሁለት ወር ነው የሠራሁት።"

"አውጪው ብያለሁ።"

"ለጓደኞቼ ምን ብዬ? እናቴ ተቆጣች ልበል?" ዓይኗ እንባ አቀረረ። ልጅ ሆና እንኳ ያን ያህል ጮኼባት አላውቅም። ስለዚህ ቁጭ አደረግኋትና ነገርኳት። ከዚያ በፊት ለማንም ከሥር ከመሠረቱ አልተናገርኩትም ነበር።

ሥራ የጀመርኩት ሳንጃ ነው። ደሞዙ ከሳሙና አያልፍም ነበር፤ የደረጃ እድገት ደብዳቤዬም ሁለት ጊዜ ጠፍቷል፤ እሱን እንተወው። ሳንጃ የጠቀመኝ ጋሼ አድማሱን ማግኘቴ ነው። የላቦራቶሪው ኃላፊ ነበሩ፤ ቀጭን፣ ጠይም፣ ቁጡ ሰው። መብራት ስላልነበረ ማይክሮስኮፑ ከሥሩ ባለው መስታወት የፀሐይ ብርሃን ይቀበላል፤ ጠረጴዛውን ጠዋት ወደ ምሥራቁ መስኮት፣ ከሰዓት ወደ ምዕራቡ ያዞሩታል። ሌንስ የሚጠርጉት በእናታቸው አሮጌ ነጠላ ቁራጭ ነበር። ያን ጨርቅ ሌላ ሰው ከነካው የዚያን ቀን ከእሳቸው ጋር መነጋገር ቀረ።

አንድ ስላይድ ላይ ሁለት ነገር እንሠራለን። አንዱ ወፍራም ጠብታ ነው፤ ተውሳክ መኖር አለመኖሩን ያሳያል። ሌላው ስስ ተደርጎ የተሳበ ነው፤ ዓይነቱን ይለያል። ደጋ ላይ ጠብታውን አድርቆ፣ ምሳ በልቶ መጥቶ ቀለም ቢያጠጡት ግድ የለም። ቆላ ግን ሙቀቱ ደሙን መስታወቱ ላይ ያበስለዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚታየው ጭቃ ብቻ ነው። "ደም አይቀጠርም" ይሉኝ ነበር ጋሼ አድማሱ። ምሳ የምንበላው በፈረቃ ነበር።

ከማይክሮስኮፑ በስተቀኝ አንድ ጣሳ፣ በስተግራ አንድ ጣሳ አለ። በቀኙ መቶ ፍሬ ማሽላ። ስላይዱን ገፋ አድርገው አንድ እይታ ባዩ ቁጥር አንድ ፍሬ ወደ ግራው ያዛውራሉ። መቶው ሳያልቅ ውጤት አይጻፍም። በመጀመሪያው ሳምንት በሦስተኛው ፍሬ ወባ አገኘሁና እስክሪብቶ ሳነሣ እጄን ያዙኝ።

"ምን ልትጽፊ ነው?"

"ወባ። አገኘሁት እኮ።"

"እሱማ ተገኘ። ሌላውስ?"

"ሌላ ምን?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? ዘጠና ሰባት ፍሬ ቀርቶሻል፤ እሱን ጠይቂ። ፍለጋው ካገኘሽ በኋላ ነው።"

ደረቅ ሽማግሌ ናቸው ብዬ ሳማቸው ከረምኩ። ሦስት ዓመት አብሬያቸው ሠርቼ ስለያቸው ግን ማሽላውን ሰርቄ ነው የሄድኩት። አብደራፊ ስዛወር፣ ሥራን በስላይድ ብዛት የሚለካ አለቃ ገጠመኝ። ጣሳዎቹን አይቶ "ሙሉ፣ ዶሮ ልታረቢ ነው?" አለኝ። ሠራተኞቹ ሳቁ። አንዳንዴ እሱ በር ላይ ሲቆም ሃምሳ ላይ አቆም ጀመር። ከዚያ ሠላሳ ላይ። ክፉ ነገር ሳይደርስብኝ ስለቀረ ደህና እየሠራሁ መሰለኝ።

ያ ነገር የደረሰው ከዚያ በኋላ፣ ከኮኪት ወጣ ብሎ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ነው። ስሙን አልጠራውም፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የቤቱ አይደለም።

ጥቅምት ነበር፤ የሰሊጥ አጨዳ። ሰሊጥ ሰው አይጠብቅም፤ ቆባው ከተከፈተ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ሠራተኛው ከጎጃምና ከወሎ በጭነት መኪና ይወርዳል፤ የአንድ አገር ልጆች በአንድ ዳስ ያድራሉ፣ ከአንድ ድስት ይበላሉ። ታዲያ አንድ ሕግ አላቸው። ከመካከላቸው አንዱ ታሞ ብርድ ብርድ ሲለው ሁሉም ጋቢውን አውጥቶ ያለብሰዋል። ሰው ብቻውን አይንቀጠቀጥም ይላሉ። ሲሻለው እያንዳንዱ ጋቢውን ወስዶ ለብሶ ይተኛል።

አንተነህን ያመጣው ሞላ ነበር፤ የቡድናቸው ታላቅ፣ ጎልማሳ የጎጃም ሰው። አንተነህ ሃያ አምስት ቢሞላው ነው። ትኩሳቱ ከአጠገቡ ሲቆሙ ያስታውቃል። በር ላይ ሰልፉ ከግቢው ወጥቶ መንገድ ደርሷል። ጠብታውን ወሰድኩ፣ ቀለም አጠጣሁ፣ አየሁ። በሰባተኛው ፍሬ ወባ፤ ያውም ክፉው ዓይነት፣ ቀለበት ቀለበቱ ሞልቷል። ካቦው፣ የእርሻው የሠራተኞች አለቃ ማለት ነው፣ በመስኮት አንገቱን አስገብቶ "እታለም፣ ፍጠኚልን፤ ሰሊጡ እየረገፈ ነው" ይላል። ሰባቱን ፍሬ መልሼ ጣሳው ውስጥ ጨመርኩና "ወባ" ብዬ ጻፍኩ።

እንዲህ ነው የሆነው። ሥራዬን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ያየሁት ነገር ልክ ነበር፤ ልክ የሆነውን አይቼ ነው ያቆምኩት። በልጄ ጨዋታ ሦስቱ ሲገጥሙ እስክስታው መጀመሩ የሚያመኝ በዚህ ነው።

አንተነህ የወባ ክኒኑን ወስዶ ዳነ። በአምስተኛው ቀን ገበያ ሲወርድ በመስኮት ብቅ ብሎ "እታለም፣ እጅሽ ይባረክ" ብሎኝ ሄደ። እኔም ምርቃቱን ተቀበልኩ።

ከዚያ በስምንተኛው ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ ሞላ ከእርሻው ካምፕ አራት ሰዎች በትራክተር ተሳቢ ጭኖ መጣ። ዓይናቸው ቢጫ ሆኗል፤ አንዱ ነስሮት ሸሚዙ ደም በደም ነው። የመጀመሪያውን ስላይድ ሳይ ወባ የለም። በአሥራ ሁለተኛው ፍሬ ላይ ግን አንድ ክር አየሁ፤ እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ የተጠመዘዘ ሐምራዊ ክር። የቀለም ዝቃጭ ነው ብዬ አለፍኩት። በሚቀጥለው እይታ ሁለት። በሚቀጥለው አምስት። ትኩስ ደም ወስጄ ቀለም ሳላጠጣ አየሁት፤ ቀዮቹ የደም ሴሎች ማን እንደሚነካቸው ሳይታይ እየተገፉ ይወዛወዛሉ።

ግርሻ የምንለው ትኩሳት ነው፤ በቅማል የሚተላለፍ። አምስት ስድስት ቀን ያነድና በራሱ ይለቃል። ሰውየው ድኛለሁ ብሎ ሥራ ይገባል፤ ሳምንት ያህል ቆይቶ ይመለስበታል። መድኃኒቱ መርፌ ነው፤ ግን መርፌው ከገባ በኋላ በሁለት ሰዓት ውስጥ በሽተኛው ከበፊቱ ብሶ ይንቀጠቀጣል፤ በዚያ መካከል የሚሞት አለ። ስለዚህ ወግቶ መሄድ የለም፤ አጠገቡ ተቀምጦ መጠበቅ ነው። ጤና መኮንኑ ወርቁ አራቱን አስተኝቶ ወጋቸውና መሐላቸው ተቀመጠ።

እኔ ሞላን ያዝኩት። "መጀመሪያ የታመመው ማነው?"

"ከእነዚህ?"

"ከካምፑ ሁሉ።"

"አንተነህ ነዋ። እሱ ግን ወባ ነው ብለሽን ዳነ እኮ።"

"አሁን የት ነው?"

"ትናንት ደግሞ ተነሣበት። ያው ወባው ነው ብለን ከሱቅ ክኒን ገዛንለት። ጋቢያችንን አልብሰነው መጣን።"

የተነበቡ ስላይዶች ለቁጥጥር በሳጥን ይቀመጡ ስለነበር የእሱን ፈልጌ አወጣሁ። መቶውን ፍሬ በቀኝ አደረግሁ። ሰባት፤ ያቆምኩበት። ስምንት። ሃያ። አርባ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንዳላገኝ እየጸለይኩ ስላይድ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አርባ ዘጠኝ ላይ ልቤ መለስ ማለት ጀመረ። በሃምሳ ስምንተኛው ፍሬ አንድ ክር፤ በሰባ አንደኛው ሁለት።

ስላይዱን መልሶ ሳጥን ውስጥ መክተት ይቻል ነበር። አልዋሽም፤ እጄ ወደ ሳጥኑ ሄዶም ነበር። ግን ዝም ካልኩ ወርቁ "እሱ ወባ ነው፣ ክኒን ይዟል፣ ነገ ይምጣ" ማለቱ ነው፤ ለአንተነህ ደግሞ ነገ ሩቅ ነው። ገብቼ ነገርኩት። "አንተነህም ግርሻ አለበት። ያኔም ስላይዱ ላይ ነበር። ሰባት እይታ አይቼ ያቆምኩት እኔ ነኝ።"

ወርቁ በዕድሜ ታናሼ ነው። ቀና ብሎ አየኝና "ትራክተሩ አልሄደም፤ ይነሡ እትዬ ሙሉ፣ ያምጡት" አለ። ከዚያ በኋላም ስለዚያ ነገር ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ቢናገረኝ ይሻለኝ ነበር።

ከክረምቱ የተረፈ ዝናብ ሁለት ቀን ጥሎ ስለነበር ጥቁሩ አፈር ጎማ ይይዛል። የካቦው ሰው ነው የሚነዳው፤ እኔና ሞላ ተሳቢው ላይ ነን። ወንዙ ጋ ስንደርስ ጎማው እስከ ወገቡ ሰጠመ። ወርደን የሰሊጥ ጭድ እየጎዘጎዝን፣ ድንጋይ እየወሸቅን ስንገፋ አንድ ሰዓት አለፈ። ነጂው "እታለም፣ ለአንድ ሰው ብለን ትራክተሩን ልንሰብረው ነው" አለ። "ስበረው" አልኩት። ሞላ ጫማውን አውልቆ ከፊት ከፊት እየሄደ ደረቁን መሬት ያሳየን ጀመር።

አንተነህን ዳሱ ውስጥ ሰባት ጋቢ ለብሶ አገኘነው። የአንዱን ጠርዝ ገልጬ ስፌቱን በጥፍሬ ከፈት አደረግሁ፤ ቅማሉ ተሰልፏል። ዓይኑን ገለጠ።

"እታለም፣ ወባው ተመለሰ።"

"ወባ አይደለም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"ሌላ ነው። መርፌ አለው። ልወስድህ ነው የመጣሁት።"

"መድኃኒት ካለውማ ምን ቸገረ" አለኝ፤ እንዲያውም ፈገግ ሊል ሞከረ።

ጋቢዎቹን እዚያ ብተዋቸው ማታ እያንዳንዱ የራሱን ለብሶ ይተኛል፤ ሌሎቹም ያልቃሉ። ስለዚህ ሰባቱንም ከላዩ ሳላነሣ ከነጋቢው ተሳቢው ላይ አስጫንኩት። የቀሩትን ሰዎች ነገ በጠዋት ሁላችሁም ትመጣላችሁ፣ ልብሳችሁም ይቀቀላል ብዬ አስጠነቀቅሁ። አንዱ አጉረመረመ፤ ሞላ ዝም አሰኘው።

ጤና ጣቢያው ስንደርስ አሥር ሰዓት ነው። ወርቁ ልቡን አዳምጦ ፊቱ ጠቆረ፤ ቢሆንም ወጋው። ጋቢዎቹን አውልቀን በርሜል ውስጥ ከተትናቸው፤ በጤና ጣቢያው ብርድ ልብስ ሸፈንነው። ሁለት ሰዓት። ሁለቱን ሰዓት ካለፈ ይተርፋል። አራቱ ጓደኞቹ ተራ በተራ ተንቀጥቅጠው፣ አልቧቸው፣ አሁን ውኃ ይጠጣሉ። እኔ የግድግዳውን ሰዓት አያለሁ፤ ሞላ እጁን ይዞታል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መንቀጥቀጡ ጀመረ። አሥራ አንድ ተኩል ሲሆን ወርቁ እጁን ከአንተነህ ደረት ላይ አነሣ።

በማግስቱ ከካምፑ ሃያ ሦስት ሰው መጣ። የሁሉንም ደም አየሁ፤ የእያንዳንዱን መቶውን ፍሬ። ዘጠኙ ላይ ተገኘ፤ ዘጠኙም ተረፉ።

እስከዚህ ድረስ ለትዕግሥት ነገርኳት። ስልኩን ከጠረጴዛው ላይ አነሣችና "ደረጃውን አወጣዋለሁ" አለችኝ።

"አታውጪው" አልኳት። አውርቼ ስጨርስ ሐሳቤን ለውጬ ነበር። "ጋቢ መወርወሩን ብቻ አንሺ። ደግሞ ሦስቱ ሲገጥሙ ሰውየው ወዲያው አይነሣ። ሌላ ተሕዋስ ተደብቆ ይቆይ፤ እስኪገኝ ሰሌዳው አይዘጋ።"

"ሰው ይሰለቻል እማዬ።"

"ይሰልች።"

ከጓደኞቿ ጋር ተጨቃጭቃ አስገባችው። ሠላሳ አንደኛው ደረጃ ላይ ብዙ ሰው ይሰለቻል አሉ። እኔም እስካሁን አላለፍኩትም።

አንድ ነገር ግን ለእሷም አልነገርኳትም። አንተነህን እዚያው ቆላ ቀበርነው። መርዶውን የአገሩ ሽማግሌዎች ለአባቱ ነግረዋቸው ኖሮ በስድስተኛው ቀን አባትየው መጡ። አጭር ሰው ናቸው፤ ሦስት ቀን የተጓዙበት አቧራ ከላያቸው አልተራገፈም። ሞላ መቃብሩን አሳይቷቸው ወደ ላቦራቶሪው በር አመጣቸው። አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

"የልጄን ደም ያየሽው አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ አባባ።"

ሞላ ፈጠን ብሎ "ወባ ነው የወሰደው፤ እሷስ የአቅሟን ሁሉ አድርጋለች" አለ። ለእኔ አዝኖ ይሁን ለእሳቸው እንዲቀላቸው አላውቅም።

"ወባም ነበረበት" አልኩ። "የገደለው ግን ሌላ ነው። ደሙ ውስጥ ነበር፤ እኔ ሳልጨርስ ተነሣሁ። ብጨርስ ኖሮ መርፌውን ያኔውኑ ያገኝ ነበር።"

ሽማግሌው መሬት መሬት አዩ። እንዲሰድቡኝ ጠበቅሁ። እንዲረግሙኝም ተዘጋጅቼ ነበር።

"ብቻውን ነበር?"

"አልነበረም። ሞላ እጁን ይዞት ነበር። እኔም ነበርኩ።"

"በርዶት ነበር?"

ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሲንቀጠቀጥ የአልጋው እግር ሲሚንቶውን ይደበድብ ነበር። ጥርሱ ሲንቀጫቀጭ ከውጭ ይሰማል። ብርድ ልብስ ደራረብንለት፤ ምንም አልጠቀመም። ሲሞት የተናገረው አንድ ቃል "በረደኝ" የሚል ነው።

"አልበረደውም አባባ" አልኩ።

ሞላ ቀና ብሎ አየኝና መልሶ አቀረቀረ።

"እንኳን" አሉ ሽማግሌው። "ከቤት ሲወጣ ጋቢዬን ልስጥህ ብለው እምቢ ብሎኝ ነበር፤ አንተ ምን ልትለብስ ነው ብሎ።"